የአደራዳሪዋ አባት

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ አንድም ሰው ሳይገጭ፣ አንድም ዕቃ ሳይገለብጥ የኖረ ጠንቃቃ ሾፌር ስለሆነ ነው። ወደ አፉ ስንመጣ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያ ሰውዬ ፍሬን የሚባል ነገር አልተገጠመለትም።

ያን ሰሞን ቲማቲም ጭኖ፣ ከሰልፉ ሁሉ አንደኛ ሆኖ፣ የድንበሩ ድልድይ ፊት ለፊት ቆሟል። ድልድዩ ተዘግቷል። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት ከተሞች ኮሌራ ገብቶባቸው፣ እነዚህ “ውሃውን የበከላችሁት እናንተ ናችሁ” ሲሉ፣ እነዚያ “እናንተው ናችሁ እንጂ!” ሲሉ፣ ጭራሽ ተኩስ ተሰማና የብረቱ በር ተቆለፈ። ኮሌራው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ በወንዙ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከጋሽ ፍሬን ኋላ ግሉኮስና መድኃኒት የጫኑ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ማዶ ያሉት ሐኪሞች ደግሞ ባዶ እጃቸውን ቁጭ ብለው መድኃኒቱን ይጠብቃሉ።

ሁለቱን ወገኖች ልታደራድር የመጣችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የገዛ ልጁ!

የልጁ ሥራ ለጋሽ ፍሬን ድሮም ግልጽ ሆኖለት አያውቅም። ሐኪም ትሆንልኛለች ብሎ ሲጠብቅ “ሰላም ግንባታ ነው የማጠናው” ስትለው፣ “ግንባታ ከሆነማ ምህንድስና አይሻልሽም?” ብሏት ነበር። ድንበር የሚሻገር በሽታ፣ በኮንትሮባንድ የሚገባ መሣሪያ፣ የውሃ ጠብ፣ አንድ አገር ለብቻው የማይወጣው ጣጣ ሁሉ ሥራዋ እንደሆነ ደጋግማ አስረድታዋለች። እሱ ግን ሰው ሲጠይቀው “ቢሮ ነው የምትሠራው” ብሎ ይገላገላል።

በማለዳ ደወለችለት። “አባዬ፣ መኪናህን ከፊት አየሁት። አባቴ መሆንህን ንግግሩ ሲጀመር ለሁለቱም ወገን ራሴ እነግራቸዋለሁ። ካንተ አፍ ቀድሞ ከወጣ ግን ደበቀችን ይላሉ። ሰው ካላመነኝ ደግሞ ሥራ የለኝም። እባክህ እስከዚያ ዝም በልልኝ።”

“እኔ? በእኔ ይሁንብሽ!” አላት።

እውነትም ችሎ ነበር፣ ራዲዮ እስኪመጣ። ራዲዮ የሚሉት ወሬ ሲያመላልስ የሚውል ሌላ ሾፌር ነው። ልጅቷ ፋይሏን ይዛ ወደ ጉምሩኩ መጋዘን ስትገባ አያትና፣ “በሉ እንግዲህ! ኮሎኔሎቹ ያቃታቸውን በር ይቺ ትናንት የተወለደች ልታስከፍት ነው። ቲማቲምህን እዚሁ ቸርችረው፣ ጋሽ ፍሬን!” ብሎ ሳቀ።

የጋሽ ፍሬን ደሙ ፈላ። ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። “አፍህን ያዝ! ይቺ ትናንት የተወለደች የምትላት የእኔ ልጅ ናት! ስንቱን አገር አስታርቃለች!” አለ። ስንቱን እንዳስታረቀች እንኳ አያውቅም። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ራዲዮ ስልኩን አውጥቶ ማዶ ላሉ ወዳጆቹ እየደወለ ነው።

የመጋዘኑ መስኮት ክፍት ስለሆነ ጋሽ ፍሬን ሁሉንም ያያል፣ ይሰማልም። ሰዎቹ ገና ወንበር ይዘው ሳይጨርሱ የማዶው ኮሎኔል ስልክ ጮኸ። አዳመጠና ብድግ አለ። “ለካ ድልድዩ የሚከፈተው ለአባትሽ ቲማቲም ነው!” ብሎ መለዮውን ከጠረጴዛው አነሳ። አብረውት የመጡትም ተነሱ። ጋሽ ፍሬን በገዛ አፌ ልጄን ጉድ ሠራኋት አለ፤ ማዶ መድኃኒት የሚጠብቁት ሕፃናት ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት።

ልጅቷ ግን አልደነገጠችም። “እውነት ነው፣ አባቴ ነው” አለች። “አሁን ልነግራችሁ ነበር፣ ወሬው ቀደመኝ። ቢቆጡ አይፈረድብዎትም፣ እኔም ብሆን እነሳ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይዩልኝና ከዚያ ይሂዱ።”

ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ መኪናው መጣች። ሾፌሩ ሁሉ ከበበ። ኮሎኔሉ በሩ ላይ ቆሟል።

“አባዬ” አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። “ከሰልፉ ውጣና መጨረሻ ሁን። ዛሬ በሩ ቢከፈት የሚያልፈው መድኃኒት ብቻ ነው። አንተ ከሁሉም በኋላ ነህ።”

ወይ ጉድ! ሾፌር ተራውን ሲነጠቅ ምን እንደሚሰማው ሾፌር ይንገራችሁ። ለተራ ሲባል ስንት ጥርስ ረግፏል! ቲማቲሙም ከሸራው ሥር መንጠብጠብ ጀምሯል። ጋሽ ፍሬን የልጁን ፊት አየ፤ ልመናም ቁጣም የለበትም። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጋቢናው ላይ ወጣ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ በሰልፉ ጎን እየተንቀረፈፈ ወርዶ ከመጨረሻው መኪና ኋላ ቆመ።

ኮሎኔሉ መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ተመለከተ። “በአባቷ እንዲህ ከጨከነች፣ ለወዲህኞቹም አታዳላም” ብሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

የቀረውን እየተመላለሰ ያወራለት ራዲዮ ነው፤ አፍሮ መሰለኝ ትጋቱ ሌላ ነበር። ልጅቷ አንድ ደንብ አላት አለ፤ ማንም የራሱን አቤቱታ ከማሰማቱ በፊት የባላንጣውን አቤቱታ፣ ባለቤቱ “አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት” እስኪል ድረስ መናገር አለበት። ኮሎኔሉ ደጋግሞ ተሳሳተ፣ ተናደደ፣ ጠረጴዛ መታ። በኋላ ግን ወዲህኞቹ ስለቀበሯቸው ልጆች ሲናገር ድምፁ ተሰበረና፣ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው የወዲህኛው ከተማ ከንቲባ “አዎ” አለው። የወንዙን ውሃ አብረው ለማስመርመርም ተስማሙ።

ከሰዓት በኋላ የብረቱ በር ተከፈተ። መድኃኒት የጫኑት ተራ በተራ ተሻገሩ። ሽንኩርትና ሲሚንቶ የጫኑት ግን እዚያው ቀሩ። ጋሽ ፍሬን ከሰልፉ ጭራ ሆኖ ሲያይ እንባው መጣ፣ ማን አየኝ ብሎም አልተጨነቀ።

ሚስቱ ደወለች። “አለፍክ?”

“አላለፍኩም።”

“ውይ! አንደኛ ነኝ እያልክ ስትኮራ አልነበር እንዴ? ማን አባቱ ነው ያስቀረህ?”

ጋሽ ፍሬን ደረቱን ነፋ። ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸ። “ልጅሽ ናታ! ልጅሽ ናት ያስቀረችኝ!”

“ቲማቲሙስ?”

“ይበስብስ!” አለ ጋሽ ፍሬን።