ዕዳው በማን ስም ይዙር

«ዛሬ ያበቃል ኡና፤ ነገ ብትይኝ የለም!» አለ ዶናል ስልኩን ወደ እሷ እየገፋ።

ኡና ዓይኗን ወደ ሳሎኑ መለሰች። የባሏ የማላኪ አስከሬን ክፍት ሳጥን ውስጥ ሳሎን ተቀምጧል። የአየርላንዷ ወደብ የአርድግላስ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እየገባ፣ በአገሩ ልማድ የሟቹን እጅ ይነካል፤ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቹን በሻይ እያወራረደ እንደ እሱ ያለ መረብ ጠጋኝ አልተፈጠረም ይላል። ሳጥኑ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። እሷ ግን በሐዘኗ ቀን ጓዳ ተይዛ ስለ ወለድ ትሰማለች።

ዶናል የማላኪ ታናሽ ወንድም ነው። ማላኪ የስድስት ሺህ ፓውንድ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ትቷል፤ ዶናል ደግሞ ያን ዕዳ በኡና ስም የሚረከብ፣ ቅናሹ ዛሬ የሚያበቃ አዲስ ካርድ አግኝቷል።

«የማዛወሪያ ክፍያው ሦስት በመቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ወለዱ የአሁኑን ሩብ አይሞላም፣ ያውም ተከፍሎ እስኪያልቅ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ኡና። ባለዕዳ ሆኖ ሞተ ይባል?»

ቃሉ ልቧን ወጋት። ስልኩን አነሳች።

በብድርና ቁጠባ ማኅበር የምትሠራው የእህቷ ልጅ ብሮና፣ ኩባያ የምታጥብ መስላ ተጠጋቻት። «አክስቴ፣ እንዳትነኪው። ካርዱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ዕዳው ያለው በማላኪ ስም ብቻ ነው፤ የተወው ንብረት ከሌለ ባንኩ ከማን ይወስዳል? ካዛወርሽው ግን ያንቺ ሆነ።»

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ!» አለ ዶናል።

ኡና ማላኪን አሰበችው። የርካሹ ወለድ ጊዜ ባለቀ ቁጥር መነጽሩን አድርጎ ሌላ ካርድ ይፈልጋል። «ዕዳም እንደ ከብት ነው፤ ሣሩ ሲያልቅ መስክ እንቀይርለታለን» እያለ ያስቃት ነበር። ዕዳው የምን እንደሆነ ግን ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። የዶናል ጀልባ ሞተር መግዣ ነበር።

ስልኩን መልሳ ገፋችለት። «በአንተ ስም አድርገው።»

«እኔማ... ለእኔ አይሰጡኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። ማላኪም ስላወቀ ነው ሞተሩን በራሱ ስም የገዛልህ።»

የብሮና እጅ ኩባያው ላይ ቀረ። ዶናል ቀላ፣ ከዚያም ነጣ።

«ነግሮሻል ማለት ነው?»

«ሙት ወቃሽ አታድርገኝ ዶናል። አንድ ቀን እንኳ ክፈለኝ ብሎህ ያውቃል?»

«ስሙን ላጸዳለት ብዬ ነው» አለ፤ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«በእኔ ጫንቃ?»

ሳሎን ውስጥ ቄሱ ጸሎት ጀመሩ። ሬሳ ሲወጣ ከፊት የሚሸከመው ወንድም ነው፤ ማላኪ ደግሞ ከዚህ ሌላ ወንድም የለውም። ኡና በጥፊ ብትለው ደስ ባላት። ዶናልን ክንዱን ይዛ አስነሳችው፤ የተንሻፈፈውን ጥቁር ክራቫቱን አስተካከለችለትና ሳሎን ድረስ ወስዳ ወደ ሳጥኑ ራስጌ ገፋ አደረገችው።