የእትዬ ነጥብ ስህተት

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከጥበቃው እስከ ዋናው ኃላፊ ድረስ «እትዬ ነጥብ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት በተቀጠረች በሁለተኛው ወር ነው። አንድ የተከበረ መሐንዲስ ፈርሞ ያሳለፈውን ወረቀት «ነጥብ ጎድሎታል» ብላ መለሰችበት። መሐንዲሱ ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን ደግሞ አየና መሳቁን ተወ።

ሥራዋ ለማስረዳት ቀላል፣ ለማሳመን ከባድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ አድራሻ ሁሉ መጨረሻው ላይ፣ ከነጥብ ቀጥሎ፣ ጅራት አለው። አንዱ ጅራት የአገር ነው፣ አንዱ የነጋዴ፣ አንዱ የትምህርት ቤት። እነዚህ ጅራቶች ሁሉ በአንድ ዋና መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ እያንዳንዱ በየትኞቹ ኮምፒውተሮች እንደሚጠበቅም እዚያው ተጽፏል። መዝገቡ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት አንድ አገር ከነባንኩ፣ ከነጋዜጣው፣ ከነሆስፒታሉ ከኢንተርኔት ላይ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን የሚጽፉት ሰዎች ማንኛውንም ለውጥ ከማስገባታቸው በፊት ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይልካሉ። መሥሪያ ቤቱ መርምሮ «ይሁን» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ማለት ደግሞ እትዬ ነጥብ ናት።

ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጎማው የወለቀ ወንበር፣ የመኪና ማቆሚያውን የሚያሳይ መስኮት። ጥያቄ ሲመጣ በሌባ ጣቷ ስክሪኑን እየነካች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ፊደል በፊደል ታነባለች። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት ትደግመዋለች፤ ዓይን የለመደውን ቃል ይዘላል፣ የተገለበጠ ቃል ግን አይለምድም ትላለች። በመጨረሻ «ይሁን» የሚለውን ትጫናለች። አራት ደቂቃ ይፈጃል። እንዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሚስትህ ምን ትሠራለች ሲሉት «እሷም እንደኔው ቁልፍ ላይ ናት፤ የኔው ይተከላል፣ የሷ ይጫናል» ይላል። እናቷ ግን ጉዳዩን አክብደው ነው የያዙት። ሰፈር ውስጥ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ይደውላሉ፦ «ኧረ ምን ነካሽ ልጄ? ጎረቤት እኮ እያማሽ ነው፤ በይ ልቀቂላቸው!»

አንድ ሰኞ ጠዋት ዋናው ኃላፊ ሠራተኛውን ሰበሰበ። ፊቱ ጥርስ እንዳመመው ሰው ተጨማድዷል።

«ከዛሬ አሥር ሳምንት በኋላ ቁጥጥሩ ከእጃችን ይወጣል» አለ። «የበላዮች ወስነዋል። ኢንተርኔት የሁሉም ሆኖ ሳለ የስሞቹን መዝገብ አንድ መንግሥት ብቻውን ለምን ይቆጣጠራል ተባለ። ከእንግዲህ የሚቆጣጠረው ማኅበረሰቡ ነው።»

«የቱ ማኅበረሰብ?» አለች የጽሕፈት ሠራተኛዋ።

«የዓለም!» አለ፣ ስድብ እንደሚመልስ ሰው። «መሐንዲሱ፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ጠበቃው፣ ተጠቃሚው፣ ከየመንግሥቱም የተላከው። ማን ያልገባ አለ!»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር የሚወድ ሰው ነበር እንጂ። በየዓመቱ በዓለም ስብሰባዎች ላይ ፊት ለፊት ካለው ረድፍ፣ «የበላይ ተቆጣጣሪ» የሚል ካርድ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጥ ነበር። እዚያ ሲቀመጥ ሰው እየዞረ ያየዋል። ይህ ቀረ ማለት ከአካሉ አንዱን እንደ መቁረጥ ሆነበት።

ማኅበረሰቡ ርክክቡን የሚያዘጋጁ ሰባት ሰዎች ላከ። እነሱ ሳይመጡ ኃላፊው የእትዬ ነጥብን ክፍል አሳደሰ። የእንጨቱ በር ተነቅሎ ሁለት ቁልፍ ያለው የብረት በር ተገጠመ። ከበላዩ ቀይ መብራት ተሰቀለ። ጥበቃው ከታች መጥቶ በሩ ላይ እንዲቆም ታዘዘ።

«ቀይዋ መብራት ምን ታመለክታለች?» ብላ ጠየቀችው።

«አደጋ።»

«የምን አደጋ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ኮስተር በይ!»

እንግዶቹ መጡ። ሊቀመንበሩ ነጭ ጢም ያለው ጠበቃ ነው፤ ከሱ ጋር ነጠላ ጫማ ያደረገ መሐንዲስ፣ አንዲት የታሪክ አስተማሪ፣ ሦስት ነጋዴዎች፣ አንዲት ደግሞ ከትንሽ ደሴት የመጣች፣ አርባ ዓመት ፖስታ ስትለይ የኖረች አሮጊት። ኃላፊው ስለ ሥራው ክብደት ሃያ ደቂቃ አስረዳቸው። «ሌት ተቀን»፣ «የማይገመት ኃላፊነት»፣ «ለሁሉም የማይገለጥ ምስጢር» የሚሉት ቃላት ደጋግመው ተሰሙ። በዚህ መሐል ኮምፒውተሩ ጢን አለ። ጥያቄ መጥቷል።

አሮጊቷ ወደ እትዬ ነጥብ ጠጋ አለች። «እስቲ ልጄ፣ የምትሠሪውን ልይ።»

ኃላፊው እጁን አነሳ፤ ግን እትዬ ነጥብ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ጀምራ ነበር። አነበበች። ገልብጣ አነበበች። «ይሁን»ን ተጫነች።

እንግዶቹ የሚቀጥለውን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይኸው ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«ይኸው ነው» አለች እትዬ ነጥብ።

«ይህቺ እንኳ ቀላሏ ናት» አለ ኃላፊው ግንባሩን እየጠረገ። ከውጭ ጥበቃው ሲያስነጥስ በብረቱ በር በኩል ጥርት ብሎ ተሰማ።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮው ጠርቷት በሩን ዘጋ። «ነገ ፈተና እንሰጣቸዋለን» አለ በሹክሹክታ። «ሃያ የልምምድ ጥያቄዎች አዘጋጂ። በጥቅሉ ውስጥ አንድ ስህተት ይኑር። አንድ፣ ቀጭን። ሳያዩት ካለፉ ለበላዮች ‹አልደረሱም› ብዬ እጽፋለሁ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ይራዘማል።»

«የት ላስገባው?»

«እንዳትነግሪኝ! ፊቴ ያሳብቅብኛል።» በብልሃቱ ራሱ ተደሰተ።

እትዬ ነጥብ ቤቷ ስትደርስ እራት አልበላ አላት። ባሏ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ጃኬት እያጠበበ ነበር። ነገሩን ነገረችው።

«የልምምድ ወረቀት አይደል? ምን ችግር አለው?»

«የልምምድ ወረቀት እግር አለው» አለች። «በሦስተኛው ዓመቴ አንድ የልምምድ ጥያቄ ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅሎ መጣልኝ። ልጫነው ጣቴን አንስቼ ነበር፤ ደግነቱ ሁለተኛውን ንባብ አልተውኩም። ብጫነው ኖሮ አንድ አገር ሙሉ ይጠፋ ነበር። ለሳምንት የመብራት ደረሰኙን ሳይቀር ገልብጬ ሳነብ ነበር፣ አንተው ታስታውሳለህ። አሁን ሆን ብዬ የተሳሳተ አድራሻ ልጻፍ?»

«እንግዲያው እምቢ በይው።»

«አለቃዬ ነው። ደግሞ ያዘዘኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ስህተት ይኑር አለ፣ በጥቅሉ ውስጥ አለ…» እዚህ ላይ ቆም አለች። ከዚያ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ባሏ ምን ሆንሽ ቢላት አልነገረችውም። እራቱን ግን አሙቃ በላች።

በነጋታው ሰባቱ እንግዶች በስብሰባው አዳራሽ ተቀመጡ። ጥቅሉ ከነሸኚ ደብዳቤው ተሰጣቸው። ደብዳቤው «ሃያዎቹን ጥያቄዎች መርምሬ ለልምምድ አቅርቤአለሁ» የሚል ነው፤ ኃላፊው እንደ ልማዱ ከላይ ሳያነብ ከታች ፈርሞበታል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ክርክር ተጀመረ። አንደኛው ነጋዴ አነባበቡ በድምፅ ብልጫ ይወሰን አለ። ጠበቃው ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ሲል ጠየቀ። ይህን ሲጠይቅ ሁሉም ዝም ስላሉ መስማማታቸው ይሁን አለመስማማታቸው ሌላ ሃያ ደቂቃ አከራከረ። ኃላፊው ከጥግ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። እንደዚያ ደስ ብሎት ያየው ሰው የለም።

በመጨረሻ አሮጊቷ ጠረጴዛውን ጠበጠበች። «ልጆቼ፣ ደብዳቤው እየጠበቀ ነው። ጥንድ ጥንድ እንሁን። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ አንዱ በጣቱ ይከተል። እኔ ብቻዬን እበቃለሁ።»

እንዳለችው ሆነ። አዳራሹ እንደ ሕፃናት ክፍል በፊደል ጩኸት ተሞላ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠበቃው ተነሣ። «ሃያውንም አይተናል። ስህተት አላገኘንም።»

ኃላፊው ቀስ ብሎ የብስኩት ፍርፋሪውን ከደረቱ አራገፈ። «አዝናለሁ» አለ፣ ምንም ሳያዝን። «በጥቅሉ ውስጥ አንድ ስህተት አለ። አልፋችሁታል። ይህ የልምምድ ባይሆን ኖሮ አሁን አንድ አገር ከዓለም ተቆርጦ ነበር!»

ሰባቱ ደንግጠው ተያዩ፤ ወረቀቶቹ ላይ እንደገና ተደፉ። እንደገና አነበቡ። አሁንም የለም። መሐንዲሱ ላብ አጠመቀው።

«እትዬ ነጥብ፣ ንገሪያቸው!» አለ ኃላፊው።

እትዬ ነጥብ ተነሣች። «ጥያቄዎቹ ሃያውም ትክክል ናቸው» አለች። «ስህተቱ ሸኚ ደብዳቤው ላይ ነው። ከፊርማው በታች።»

ጠበቃው ደብዳቤውን አነሣና ጮክ ብሎ አነበበ። «የመምሪያው ዋና… አላፊ።»

ሁሉም ዞረው ኃላፊውን አዩት። ከዚያ ነጠላ ጫማ ያደረገው መሐንዲስ አፉን በመዳፉ ያዘ፤ ትከሻው ግን ከዳው።

«እኔ እንኳ አይቼው ነበር» አለች አሮጊቷ በጨዋነት። «ገና ሲሰጠኝ ነው ያየሁት። ትሕትናዎ ነው ብዬ አለፍኩት እንጂ።»

ከዚህ በኋላ አዳራሹን ማን ሊያረጋጋው! አስተማሪዋ እስክታለቅስ ሳቀች። ጠበቃው በቃለ ጉባኤ ይያዝ አይያዝ ብሎ ሊጠይቅ ሞከረና እሱም ሳቅ አሸነፈው። የኃላፊው ጆሮዎች እንደ ቀይዋ መብራት በሩ።

እትዬ ነጥብን ሊቀጣት አልቻለም። ለመቅጣት መክሰስ አለ፤ ለመክሰስ ደግሞ «ስህተት እንድታስገባ አዝዤ ነበር» ብሎ በጽሑፍ ማመን አለበት። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳት። በስምንተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ተገናኙ። አልፏት ሄዶ ተመለሰ።

«ቢያንስ ‹ዋና› ብለሽኛል» አላት።

«እሱማ ነዎት እንጂ» አለችው። ፈገግ አለ፤ አንጀቷን በላት።

የርክክቡ ቀን ደረሰ። ሰዓቱ ልክ ስድስት እንዲሆን ተወስኗል። ኃላፊው ሁለት ፎቶ አንሺዎች ጠርቶ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ስምንት ሰው ተጨናንቆ ስክሪኑን ያያል። ስድስት ሰዓት ሲሆን «ይሁን» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ጠፋ። ሌላ ምንም አልሆነም።

«ሆነ?» አለ አንደኛው ፎቶ አንሺ።

«ሆነ» አለች።

ሰውዬው የሚያነሳው ነገር ቢያጣ የግድግዳውን ሰዓት አነሣ። ኃላፊው ወደ መስኮቱ ሄዶ ወደ ውጭ ተመለከተ። መኪናዎቹ እንደቆሙ ናቸው፣ መንገደኛው ስልኩን እያየ ይሄዳል፣ ዓለም ቅር ያላት አትመስልም። እትዬ ነጥብ አልቅሳለሁ ብላ መሀረብ ይዛ መጥታ ነበር። እንባው አልመጣ አለ። ይልቁንስ ራባት።

ማኅበረሰቡ አዳዲስ መርማሪዎችን እንድታሠለጥን ቀጠራት። አሮጊቷ ናት አሉ አጥብቃ የተሟገተችላት። የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ሲመጣ አሥራ አንድ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። የአንዲት ትንሽ አገር ጅራት ጠባቂ ይቀየር የሚል ነው። እትዬ ነጥብ አነበበች፣ ገልብጣ አነበበች። ነቁጥ አይወጣለትም።

«ትክክል ነው» አለች።

ከሠልጣኞቹ አንዷ የሆነችው የታሪክ አስተማሪዋ እጇን አወጣች። «ይቀየር ብሎ የሚጠይቀው ሰውዬ ማነው? የአገሩ ሰዎች ያውቃሉ?»

እትዬ ነጥብ ጥያቄውን ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። «እኔ ፊደል ነው የማየው» አለች በመጨረሻ።

ደብዳቤ ተጻፈ፤ ተደወለ። አብዛኞቹ ያውቃሉ፤ አንድ የአስተማሪዎች ማኅበር ግን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ተጠየቀ። ተቆጣ። አራት ቀን አጉረመረመ፤ በአምስተኛው ተስማማ።

በዚያ ቀን ከሥራ ስትመለስ ባሏ የሱሪ እግር እያሳጠረ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው።

«አምስት ቀን!» አለ። «በአንቺ ጊዜ እኮ አራት ደቂቃ ነበር። የቱ ይሻላል?»

«አራት ደቂቃው ይቀላል» አለች። ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ‹ይሁን› ስለው፣ ማን እንደጠየቀኝ አንድ ቀን አለመጠየቄ ነው የገረመኝ። ያቺ አስተማሪ ግን በመጀመሪያው ቀን ጠየቀች። ተናድጄባታለሁ።»

«ለምን ትናደጂባታለሽ?»

«ቀደመችኛ!»

ባሏ ሳቀና የሱሪውን ሌላ እግር ወረወረላት። «በይ እንግዲህ፣ ይህቺን አጥብቀሽ ያዥልኝ፤ ባለሱሪው አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎኝ እስካሁን አልመጣም፤ አሁን ይደርስብኛል።»

እጅጌዋን ሰብስባ ያዘችለት።