ዳይሬክተሩን ያስቀመጥኩበት ቦታ

የልጅ ልጄን ሰፈሩ ሁሉ «ጥያቄ» ነው የሚላት። አፏን ከፈታች ጀምሮ «ለምን?» ሳትል ውላ አታውቅም። እሱ ልማዷ ነው መሰለኝ በፊዚክስ ያስመረቃት። መምህርት ሆና ለመቀጠር የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ዳይሬክተሩ ባሉበት፣ ተማሪ በሞላበት ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር። ካማረላት ትቀጠራለች፤ ካላማረላት ወደ ቤት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከትምህርትም ጥቂት ቀምሻለሁ። ለዚያ ቀን የሚሆን ኳስ ስፊልኝ ስትለኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቄ ሰፋሁላትና ገመድ አሰርኩበት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ከራሴ በላይ አሽከረክረውና እለቀዋለሁ።»

ቆሌዬ ተገፈፈ። ሰው በተሰበሰበበት? ይህን ሰምቼማ ብቻዋን አልልካትም፤ ኮቴን ደርቤ ተከተልኳት።

ክፍሉን ራሷ አሰናዳችው። የዳይሬክተሩን ወንበር ከፊት ረድፍ፣ እሷ ከምትቆምበት ትክክል ትይዩ አደረገችው። በበሩ በኩል፣ ወደ ጎን፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ባዶ ካርቶን አፉን ወደ ክፍሉ አዙራ አስቀመጠች። እኔ የቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጠመኔ ላምጣ ብላ ወጣች።

እሷ ስትወጣ ዳይሬክተሩ ገቡ። ራሳቸው እንደ መስታወት ያበራል። ኳሱ እዚያ ራስ ላይ ሲያርፍ ታየኝና አላስቻለኝም።

«ጌታዬ፣ እዚህስ አይቀመጡ።»

«ለምን እናቴ?»

«ልጅቷ ኳስ ልትወረውር ነው። ፊት ለፊቷ ሆነው ሊመታዎት?»

ሰውዬው ሳቁ፤ ግን ራሳቸውን ዳሰስ አደረጉ። ወንበሩን ራሴ አንስቼ ከካርቶኑ ፊት አደረግሁላቸው። «እዚህ ምንም አይነካዎትም» ብዬ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። እፎይ አልኩ።

ጥያቄ ተመልሳ ሰሌዳው ላይ ጥቂት ከጻፈች በኋላ ኳሱን ከራሷ በላይ ታሽከረክር ጀመር። ገመዱ ፉጨት ያሰማል። «ወደ እናንተ ሲጠቁም ብለቀው ወዴት ይሄዳል?» አለች።

«ወደ እኛ!» አሉ ተማሪዎቹ ባንድ አፍ። እኔም በልቤ «ታዲያስ!» አልኩ።

ፈገግ ብላ ወደ በሩ ዞር ስትል ዳይሬክተሩን አየች። ፊቷ ተለወጠ። ኳሱን አቀዝቅዛ ያዘችው።

«ይቅርታ፣ እባክዎ ወደ ቦታዎ ይመለሱ።»

«እማማ ናቸው እኮ ‹እዚያ አደጋ አለ› ያሉኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ሥራዋን በገዛ እጄ ላበላሽባት ነው። ግን ፍርሃቴ አሁንም አልለቀቀኝምና ብድግ አልኩ፤ «አንቺ ልጅ፣ አለቃሽን መትተሽ ልትቀጠሪ ነው?»

አልተቆጣችም፤ አላፈረችብኝምም። «አያቴ ያሰበችው እናንተ ያሰባችሁትን ነው» አለች ለተማሪዎቹ። «እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እማማ፣ አደጋው ያለው አንቺ ያስቀመጥሻቸው ቦታ ነው። ጌታዬ፣ ይመኑኝ።»

ዳይሬክተሩ እኔን አዩ፤ እሷን አዩ። ወንበራቸውን ተሸክመው ተመለሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ።

አሽከረከረችው። ልክ ወደ ራሰ በራው ሲጠቁም ለቀቀችው። እኔ ጮኽኩ። ኳሱ ግን ወደ እሳቸው ዝር አላለም፤ በፊታቸው አልፎ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ሄደና ካርቶኑን ከጠረጴዛው ጠራርጎ ጣለው።

ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኳሱን ያጠመዘዘው ገመዱ ነው» አለች። «ገመዱ ሲለቀቅ የሚጎትተው የለም፤ በዚያች ቅጽበት ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

አንዲት ቀጭን ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጨረቃስ? እሷን በምን ገመድ አሰሯት?»

«በማይታይ ገመድ፤ በስበት። ምድር ትስባታለች።»

«ታዲያ ጎትታ ለምን አትጥላትም?»

«እየጣለቻት ነው እኮ! ጨረቃ ሁልጊዜ እየወደቀች ነው። ግን ወደ ጎንም ትፈጥናለች። ወደ ታች ዝቅ ባለች ቁጥር ክቧ ምድርም ከሥሯ ያንኑ ያህል ትጎብጣለች። ስለዚህ ስትወድቅ ትኖራለች እንጂ አታርፍም።»

እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ጨረቃን ሳያት የተቀመጠች ነበር የምትመስለኝ። ስትወድቅ ኖራለች ለካ! ከዓይን ያውጣት፤ እኔ ዳዴ ያስጀመርኳት ልጅ ይህን አወቀች።

ዳይሬክተሩ ተነስተው አጨበጨቡ፤ ተማሪው ተከተላቸው። «ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ» አሏት። ወደ እኔም ዞረው፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ የት ልቀመጥ?»

«እሷ ካለችዎት ቦታ ንቅንቅ እንዳይሉ!» አልኳቸው።

ስንወጣ የበሩ ጥበቃ ቀና ብሎ አየን። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «የፊዚክስ መምህርት ናት፤ የእኔ ናት» አልኩት። እሷ በኀፍረት ክንዴን ጎተተችኝ። እኔ ግን ስሟንም ልነግረው ቆምኩ፤ ሰኞ ስትመጣ በር ላይ እንዳያቆማት።