ሦስት ጣት ዝቅ

"አልነካኝም" አለች ኢርያ ከመተላለፊያው ጫፍ ሆና። "ጎርደን፣ ኮርኒሱን ከፍ አድርገኸዋል።"

አናጺው ጎርደን መሰላሉ ላይ እንደተቀመጠ ሮዝ ክሬም የተቀባ ዳቦውን ይገምጣል። "ደህና አደርክ ማለት ቀረ እንዴ?"

"ቤተ መጻሕፍቱ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይከፈታል።"

"እሱንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል።"

ኢርያ ኮስኬላ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ቀራፂ ተብላ ትጠራለች እንጂ የሰው ምስል ቀርፃ አታውቅም። የምትሠራው ሰው የሚገባበትን ነገር ነው። ይህኛው በተንደር ቤይ ከተማ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሁልጊዜ የሚቆም፣ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የኮምፔርሳቶ መተላለፊያ ነው። አፉ ሰፊ ነው። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ግድግዳው ይጠባል፣ ኮርኒሱ ይወርዳል፤ ገቢውም ሳይታወቀው የገዘፈ ይመስለዋል። ጫፉ ላይ ኮርኒሱ የኢርያን ፀጉር ዳበስ ያደርጋል። ከዚያ አንድ እርምጃ ሲራመዱ የአዳራሹ ጣሪያ ሽቅብ ይርቅና ያ ግዙፍ ሰው ባንዴ ሕፃን ያክላል። የሁለት ዓመት ሥራዋ ያለው በዚያች ዳበሳ ላይ ነው። ያቺ ዳበሳ ከሌለች የቀረው ረጅም ሳጥን ነው።

ጎርደን እጁን በሱሪው ጠርጎ ወረደና የኢርያን መለኪያ እንጨት አመጣ። የአካባቢው የድሮ አናጺዎች ለሚሠሩት ቤት አንድ እንጨት ቆርጠው የበሩንና የመስኮቱን ከፍታ ሁሉ እሱ ላይ ይጭራሉ፤ ከዚያ በኋላ ሜትር የሚያወጣ የለም። የኢርያ አባትም እንዲሁ ነበር። እሷ ግን በሠላሳ አራት ዓመቷ እንጨቱን ከገዛ ገላዋ ጎን አቁማ ጉልበቷን፣ ዳሌዋን፣ ትከሻዋን፣ ዓይኗንና አናቷን በቢላ ጫረችበት። ከዚያ ወዲህ ያቆመችው በር ሁሉ በዚያ እንጨት የተለካ ነው።

እንጨቱን የመተላለፊያው ጫፍ ላይ አቆመው። የአናቷ ምልክት ከኮርኒሱ ጋር ገጠመ። ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀመጠ፤ እሱም ልክ ነው።

"እንግዲህ እንጨቱ ረዝሟል" አላት።

"እርጥበት እንጨትን ያወፍረዋል እንጂ አያስረዝመውም።"

"ቀልዴን ነው፣ አንቺ ሴትዮ። በይ ጫማሽን አውልቂና ቁሚ።"

ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። እንጨቱን አጠገቧ አስጠጋው። ጉልበት ልክ። ዳሌ ልክ። ኢርያ ፈገግ አለች። ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ግን ምልክቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። የዓይኗ ምልክት ያረፈው ግንባሯ ላይ ነበር።

"ስንት ነው?" አለችው።

"ሦስት ጣት።"

አፈረች። ወዲያው ደግሞ ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችውም። እግሯ የድሮው እግር ነው። ያጠረው ጄሶና ሳንቃ ሲሸከም የኖረው ጀርባዋ ነው።

"ከእንጨቱ ግርጌ ሦስት ጣት ልቁረጥልሽና እንገላገል" አላት ጎርደን ድምፁን አለስልሶ።

"ጉልበቴስ የት ሊገባ ነው? መግቢያው ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር የሠራነው እኮ በጉልበቴ ልክ ነው። እግሬ ምን በደለ?"

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዳርሊን ድምፃቸውን ሰምታ መጣች። ረጅም ሴት ናት፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ በመተላለፊያው አለፈችና ጫፉ ላይ ቀና አለች።

"በጣም ግሩም ነው፣ ወይዘሮ ኮስኬላ። ችግሩ ምንድን ነው?"

"ሦስት ጣት ዝቅ ሊል ነው።"

"ታዲያ እኔ ከዚህም በላይ ላጎነብስ ነው? ለምን ሲባል?"

"እኔን ስለማይነካኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የተሠራው ለእርስዎ ብቻ ነው እንዴ?"

ኢርያ ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠየቅ ኖራለች፤ እንደዛሬ ግን መልሱ ቀሎላት አያውቅም። "ለሁሉም ነው። ግን ከአንድ ሰው ገላ መነሳት አለበት። በአማካይ ሰው ልክ ብሠራው ማንንም አይነካም፤ አማካይ ሰው የሚባል በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። ገላው ያለኝ ደግሞ ይሄ ነው።"

ዳርሊን ሰዓቷን አየች። "እስከ ማታ ይደርሳል?"

"እስከ ምሳም ይደርሳል" አለ ጎርደን፣ ሳይጠየቅ።

ኢርያ ቢላዋን አወጣችና በድሮዎቹ ምልክቶች ሥር ሦስት አዲስ ጫረች፤ ትከሻ፣ ዓይን፣ አናት። የድሮዎቹን አልፋቀቻቸውም። ጎርደን የጫፉን ሳንቃዎች ፈትቶ ዝቅ አደረገና በጊዜያዊ ድጋፍ አቆማቸው። በባዶ እግሯ ከመግቢያው ተነሳች። ግድግዳው ትከሻዋን ተጠጋ፣ የእርምጃዋ ድምፅ ጆሮዋ ሥር መጣ፣ ከዚያ ኮርኒሱ ፀጉሯን ዳበስ አደረጋት። ደስ አላት። አንድ እርምጃ ስትጨምር አዳራሹ ከላይዋ ተከፈተ፤ በሠላሳ አራት ዓመቷ ታውቀው ከነበረው ጣሪያ ሁሉ ይበልጥ ከፍ ያለ መሰላት።

ጎርደን የኮላውን ቆርቆሮ ከፈተ። "በቃ፣ ልለጥፈው?"

"ኮላው ይቅር። በብሎን እሰረው።"

"ብሎኑ እኮ ይታያል።"

"ይታያ። በየአምስት ዓመቱ መጥተህ ዝቅ ታደርገዋለህ።"

ጎርደን ኮርኒሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ቆርቆሮውን መልሶ ከደነ። "እኔም እኮ እያጠርኩ ነው።"

"እንግዲያው ረዘም ያለ መሰላል ይዘህ ና" አለችውና ጫማዋን ፍለጋ ሄደች።