የሥራ አስኪያጁ ቀይ ቁልፍ

ሥራ አስኪያጁ አቶ ስሜነህ ማክሰኞ ጠዋት የሒሳብ ክፍሉን ሲሊንደር፣ ቁልፍ የሚገባበትን የጣት ያህል ብረት፣ ከበሩ ላይ ሲነቅሉት፣ ክፍሉም አብሮ ተነቀለ። በሩ ቦታው ላይ ቀረ፤ ከበሩ ኋላ ግን ያልተለሰነ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ውብሸት ከነጠረጴዛውና ከነወንበሩ ሲሊንደሩ ውስጥ ሆኖ የሥራ አስኪያጁ መዳፍ ላይ ተቀምጧል።

የውብሸት ሚስት ወይዘሮ አልጋነሽ በዚያው መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ናት። አጠገባቸው ቆማ ሁሉንም አይታለች። ክፍል መነቀሉ አልደነቃትም፤ ያንገበገባት የሰውየው ድንቁርና ነው። ቁልፎቹ የተገጠሙ ዕለት ራሷ አስረድታቸው ነበር። ተራው ቁልፍ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። ቀዩ ቁልፍ ግን ምንም በር አይከፍትም፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ሲዞር ሲሊንደሩን ከነሆድ ዕቃው ይነቅላል፣ በሌላ ለመቀየር ሲያስፈልግ ብቻ። አቶ ስሜነህ ይህ ሲነገራቸው ስልክ ላይ ነበሩ። የሰሙት ቀዩ ቁልፍ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። በዚያ ቤት ደግሞ አንድ የሆነ ነገር ሁሉ የአለቃ ነው፤ ስለዚህ ወሰዱት።

“ከፈትኩት፣ አይደል?” አሉ።

“ነቀሉት እንጂ የት ከፈቱት! ባለቤቴ ውስጥ ነው፣ አስም አለበት። መድኃኒቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። እባክዎ ይመልሱት።”

“ከመለስኩት እኮ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።”

“ተሳስተዋል።”

“ሥራ አስኪያጅ ነኝ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ” አሉና ሲሊንደሩን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ስብሰባ ገቡ።

አልጋነሽ ተከትላ ገባች። አቶ ስሜነህ ስለ ቁልፍ አያያዝ ንግግር ያደርጋሉ፤ ከኪሳቸው የውብሸት ሳል ይሰማል። ሳሉ በበረታ ቁጥር ሠራተኛው አለቃውን ላለማሳፈር ጮክ ብሎ ያጨበጭባል። አልጋነሽ አጠገቧ የተቀመጠውን የጥበቃ ኃላፊ ጓንጉልን፣ “አትሰማም እንዴ?” አለችው።

“እሰማለሁ እቴ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” አለና ማጨብጨቡን ቀጠለ። በዚያች ደቂቃ ከአለቃው ይልቅ አጨብጫቢውን ጠላች።

ሳሉ ወደ ሲርሲርታ ሲለወጥ ተነሥታ ወደ መድረኩ ወጣች። ኪሱ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። ሲሊንደር ልኩ የሆነ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል፤ ከአቶ ስሜነህ ክራቫት ሥር ገብቶ ገጥሟል። ደረታቸው ላይ እንዲያ ያለ ቀዳዳ መገኘቱ ማንንም አላስገረመም። ሰውየው ባዶ መሆናቸውን የማያውቅ ሠራተኛ አልነበረም።

“ይቅርታ” ብላ ክራቫቱን ገለጥ አደረገችና ተራውን ቁልፍ አስገብታ አዞረች። የሥራ አስኪያጁ ደረት ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ መብራት በርቷል። ውብሸት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ትንፋሹን ይፈልጋል።

“ውጣ!”

“የመውጫ ሰዓት… አልደረሰም” አለ እያቃሰተ። “አለቃው ይቆጣሉ።”

“አንተ ሰው፣ እየታነቅክም ፈቃድ ትጠይቃለህ?”

ኮሌታውን ይዛ ጎትታ አወጣችውና መድኃኒቱን አፉ ውስጥ ነፋችለት። ከንፈሩ ቀስ በቀስ ቀላ። አልጋነሽ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከንዴት ይልቅ ከደስታ።

አቶ ስሜነህ የተከፈተ ደረታቸውን ቁልቁል አዩት። መከፈታቸው አላሳፈራቸውም። ያሳፈራቸው በተራ ቁልፍ መከፈታቸው ነው። ደረታቸውን ጓ አድርገው ዘጉና ቀዩን ቁልፍ አወጡ።

“ትልቁ ቁልፍ የቱ እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።”

“ይተዉ፣ አብረው ይነቀላሉ” አለች አልጋነሽ።

“እኔን ነው የምታስተምሪኝ?” አሉና ቁልፉን ደረታቸው ውስጥ ከተው ትንሽ ወደ ቀኝ አዞሩት።

ሲሊንደሩ ወጣ። ኮቱና ሱሪው ባሉበት ቆሙ፤ ውስጣቸው ግን ሰው የለም። ቀዩ ቁልፍ ወለሉ ላይ ወደቀ። ባዶው እጅጌ ሲሊንደሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይዞታል። ሠራተኛው ትንሽ ጠበቀና አጨበጨበ።

አልጋነሽ ባሏን ደግፋ ደረጃውን ወረደች። ኮቱ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ባለጉዳዮች እየመጡ ዝቅ ብለው እጅ ይነሡታል፤ እሱም እንደ ወትሮው አይመልስላቸውም። ሲሊንደሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ ግን የጤፍ ፍሬ የምታክል ዓይን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ትቅበዘበዛለች።