የጎሚስታው ጠመኔ

ቀዩ ኩባያ መስኮቱ ላይ የለም።

ቤዛዊት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ጎንበስ ብላ አልጋው ሥርም ፈለገች። መድኃኒቱ ቦታው ላይ ነው። የጠዋቱን መዋጥ አለመዋጧን የሚነግራት ግን ኩባያው ብቻ ነበር። ለማስታወስ ዐይኗን ጨፈነች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ጠዋትና ማታው፣ የመጣና የሄደው ሰው ሁሉ ተደበላልቆባታል።

አባቷ አዳነ ደብረ ታቦር መውጫ ላይ ጎሚስታ ነበር። ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ በጠመኔ ይጭረዋል። "ልቤን አላምነውም፤" ይላል። "መንገድ ላይ ጎማ የሚያወልቀው 'አጥብቄያለሁ' ባዩ ነው።" አንዱን ኩላሊቱን ከሰጣት በኋላ፣ አንድ ሰሞን ለፈተና ስታጠና ዘንግታ መድኃኒቱን ደግማ ዋጠች። አልተቆጣትም። ቀዩን ኩባያ ገዝቶ መጣ፦ ጠዋት ስትውጪ በአፉ ድፊው፣ ማታ ስትውጪ አቁሚው።

"እኔ መኪና ነኝ እንዴ አባዬ?"

"መኪናማ ብትሆኚ መለዋወጫ ገዝቼልሽ እገላገል ነበር! እስከ መቼ 'ዋጥሽ ወይ?' እያልኩሽ ልኖር ነው?"

ወደ ጓሮ ወጣች። ለቅሶ ቤት ማጀቱ የጎረቤት ነው፤ ባለ ኀዘን ዕቃ አይነካም። እትዬ አበበች ሳፋው ላይ አጎንብሰው ያጥባሉ።

"እትዬ አበበች፣ ኩባያዬን እርስዎ ነዎት ያነሡት?"

"አዎ፣ ከጉና ለመጡት ዘመዶች መጠጫ ጠፍቶ። ምነው የኔ ልጅ?"

"ሲያነሡት በአፉ ተደፍቶ ነበር ወይስ ቆሞ?"

አበበች እጃቸውን ከሳፋው አወጡ። "ኀዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ፤" አሉ አጠገባቸው ላለችው ሴት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምን ይደረግ፤" አለች ሴትዮዋ። "አዳነስ ቢሆን በአንድ ኩላሊት ስንት ዓመት ሊዘልቅ ኖሯል?"

ቤዛዊት ሰማች። ድንኳኑ ውስጥም ይህንኑ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። እናቷ በተዘጋ ድምፅዋ "ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል" ብትልም የሚያዳምጣት የለም። ይቅር፣ ባልውጠውስ፣ ሄጄ ልተኛ፣ አለች በልቧ። የሰጣት ኩላሊት ግን እሱ ከሞተ በኋላም እሷ ውስጥ ሥራ ላይ ነው።

"እትዬ፣ አላበድኩም። ቆሞ ነበር?"

"እኔ እንጃ! የኩባያ አቋቋም ማን ያያል? ውኃውን አፍስሼ ለቅለቅ አደረግሁት እንጂ።"

"ውኃ ነበረበት?"

"ጢም ብሎ።"

ያን ጊዜ መጣላት። ውኃውን ቀድታ መድኃኒቱን ልታወጣ ስትል የጉና ዘመዶች ለቅሷቸውን ከበር ላይ አሰሙ። ኩባያውን አስቀምጣ አጎቷን ጥላዬን ልትቀበል ሮጠች። አልዋጠችም። ሐኪሙ፣ "ትንሽ ቢረፍድብሽ ዋጪ፤ ደርበሽ ግን አትዋጪ፤" ብሏታል።

ሌላ ኩባያ ይዛ ገባችና ዋጠች። እንደ ልማዷ በአፉ ልትደፋው ስትል እጇን ያዝ አደረገች። ሰው እስኪበተን ድረስ የዚህ ቤት ኩባያ የማንም ነው።

የአባቷ ሰማያዊ ቱታ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ለማጠብ የደፈረ የለም። የደረት ኪሱን ዳሰሰች። ስባሪ ጠመኔ አለ። መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ አጭር መስመር ጫረች።

ጠመኔውን ወደ ቱታው ኪስ ልትመልስ እጇን ዘረጋች። ቆም አለችና በጥቁር ቀሚሷ ኪስ ከተተችው።