ሽማግሌ የተላከበት ቧንቧ

እሑድ ረፋድ ላይ ኤልዳና ከአገር ወጥታ በምትሠራበት ከተማ፣ ንቲንዳ በሚባለው ሰፈር የተከራየችውን ቤት በር ስትከፍት ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ቆመዋል። ከአየር መንገድ በጡረታ የተገለሉት ጋሽ ፈይሳ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደዋል። የቅመም ሱቅ ያላቸው ወሎዬው ሐጂ ሳሊህ አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥለዋል። ማን እንደላካቸው መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

ገቡ፤ አልተቀመጡም።

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ፈይሳ። «ሥዩም አባትሽ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሥራ ያስገባሽ እሱ ነው። ተቀያይማችኋል አሉ።»

«አልተቀያየምንም ጋሼ። ቧንቧው ነው የሚያፈሰው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ጋሽ ሥዩም የሚመሩት ተቋራጭ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ካለው ማጠራቀሚያ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚወርድ ትልቅ የውሃ መስመር ዘርግቷል። መገጣጠሚያዎቹ አፈር ከመልበሳቸው በፊት መስመሩ ውሃ ተሞልቶ፣ ግፊት ተሰጥቶት፣ ግፊቱ ሳይወርድ ሁለት ሰዓት መቆየት ነበረበት። ለምረቃው ተቻኩለው ግን መጀመሪያ ቀበሩት፤ አርብ ዕለት ሲፈትኑት ግፊቱ ወረደ። ምረቃው ማክሰኞ ነው። የፍተሻው ወረቀት ላይ የምትፈርመው መሐንዲስ ደግሞ ኤልዳና ናት፤ «አለፈ» ብዬ አልፈርምም ብላለች። ጋሽ ሥዩም ተቆጡ፣ ለመኑ፤ ሁለቱም ሳይሠራ ሲቀር እንደ አገር ቤት ወግ ሽማግሌ ላኩባት።

«የኔ ልጅ፣ የዚያ ሰፈር ሰው ውሃ በጀሪካን እየገዛ ነው» አሉ ሐጂ ሳሊህ። «ትንሽ ቢያንጠባጥብስ? ከምንም አይሻልም?»

«ከመሬት በታች የሚያፈስ ውሃ ቀዩን አፈር ይዞት ይሄዳል ሐጂ። ከመስመሩ ሥር ቤቶች አሉ።»

«እንግዲህ እልህሽን ለእኛ ስትይ ተይው» አሉ ጋሽ ፈይሳ።

ኤልዳና ቁልፏን አነሣች። «ካልተቀመጣችሁ እንደቆማችሁ እንሂድ። የሚታረቅ ካለ ከግፊት መለኪያው ጋር አስታርቁኝ።»

«ሽማግሌ ከቤት ማስወጣት ነው እንዴ ይሄ?»

«ይዞ መውጣት ነው ጋሼ።»

የመስመሩ ጫፍ ሙቱንጎ ቁልቁለቱ ላይ፣ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ፣ በብረት ክዳን ተደፍኗል። መለኪያውና የእጅ ፓምፑ እዚያው ተገጥመዋል። ሐጂ ሳሊህ እጅጌያቸውን ሰብስበው ፓምፑን ያዙ። የመለኪያው መርፌ አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ኤልዳና አስቆመቻቸው።

«አሁን ሽምግልናችሁን ጀምሩ። እዚያው ቁም በሉት።»

በሩብ ሰዓት ውስጥ መርፌው ወደ አሥራ አንድ ወረደ።

«ፀሐዩ ይሆናል» አሉ ጋሽ ፈይሳ።

«ፀሐይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያወርደውም።»

«የላይኛው ቫልቭ ተዘግቷል?»

«ሄደው ይዩት።»

ጋሽ ፈይሳ ሽቅብ ወጡ። ላብ አጥምቋቸው ሲመለሱ ተዘግቷል አሉ፤ መርፌው ስምንት ላይ ነበር። በዚህ መሐል ማዶ ሮሌክስ የሚሉትን እንቁላል የተጠቀለለበት ቂጣ የምትጠብሰው ሴትዮ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተጠጋችና በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ «ማክሰኞ ውሃ ይመጣል ብለውናል። እውነት ነው?»

«አይመጣም» አለች ኤልዳና።

«ማን ከለከለን?»

«እኔ።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ አንድ ነገር ብላ ሄደች። ምርቃት እንዳልሆነ ሐጂም ገብቷቸዋል።

የጋሽ ፈይሳ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ሥዩም ነበሩ፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ይሰማል።

«ታረቃችሁ?»

«ስምንት ላይ ነን።»

«የምን ስምንት?»

«መርፌው ነዋ!»

«ስልኩን ለሷ ስጣት» አሉ ጋሽ ሥዩም። «ኤልዳና፣ ሽማግሌ መጫወቻ አደረግሽ አይደል? ማክሰኞ ውሃው ካልተለቀቀ ድርጅቱ ውስጥ ቦታ የለሽም።»

«ይሁን ጋሼ። ያንን ደግሞ እርስዎ ይፈርሙበት።»

ሁለቱ ሰዓት ሲሞላ መርፌው አራት ላይ ነበር። ኤልዳና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «አላለፈም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። ከሥሩ ለእማኞች ሁለት መስመር አሰመረች። ሐጂ ሳሊህ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።

«እኔ ለማስታረቅ እንጂ ለምስክርነት አልመጣሁም» አሉ ጋሽ ፈይሳ።

የዘረጋችውን እጅ አላጠፈችም። ጋሽ ፈይሳ ወረቀቱን ተቀብለው ትኩር ብለው አዩት።

«የጀመርነው አራት ሰዓት ከሃያ አልነበረም። አራት ከሃያ ሦስት ነው።»

«ያስተካክሉታ።»

አስተካከሉት። ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሡ ፈረሙ።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ ለተቋራጩም መስመሩን ለሚያሠራው መሥሪያ ቤትም ላከችው። ስልኳ ወዲያው ይጮኽ ጀመር። አጠፋችውና የመጀመሪያው መገጣጠሚያ የሚቆፈርበትን ቦታ ምልክት ልታደርግ በመስመሩ ላይ ሽቅብ ወጣች።